የዋስ ያለህ

በሕግ ተመርቄያለሁ እንጂ ጥብቅና ቆሜ አላውቅም፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ውል ሳረቅቅና ሳጣራ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ማረሚያ ቤት የሚባለውንም ከመጽሐፍ ውጭ አላውቀውም ነበር። በእግሬ የረገጥሁት ባለፈው ዓመት፣ ከእኛ በታች ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትሠራ የነበረች ልጅ ከእስር በተፈታች አንዲት ሴት በኩል «አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ይምጡልኝ» ብላ ስለላከችብኝ ነው። ከልጅቱ ጋር የነበረን ትውውቅ ደረጃ ላይ ከምንለዋወጠው ሰላምታ አያልፍም። አንድ ቀን ውኃ ጠፍቶ ሁለት ጀሪካን ተሸክማ ስትወጣ አግኝቻት አንዱን ተቀብያት ነበር። በዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ከአሠሪዋ ሌላ «አውቃታለሁ» የምትለው ሰው እኔ ብቻ መሆኔን፣ ለዚያውም ስሜን እንኳ ሳታውቅ፣ የተረዳሁት መልእክቱ ሲደርሰኝ ነው።

አሠሪዋ የአንገት ሐብሌ ጠፋ ብላ ፖሊስ ጣቢያ አመለከተች። ልጅቱ ተያዘች፣ ቃሏን ሰጠች፣ ጊዜ ቀጠሮ ተጠየቀባት፣ በመጨረሻም በስርቆት ተከሰሰች። ፍርድ ቤቱ ዋስትና አልነፈጋትም፤ 10 ሺህ ብር ወይም ለዚሁ ገንዘብ በቂ የሆነ ዋስ አቅርባ ከውጭ ሆና እንድትከራከር ፈቅዶላታል። ከዚያ ቀጥላ የምትመጣው ዐረፍተ ነገር ግን በየመዝገቡ ስለምትደጋገም የሕግ ሰው ዐይኑን እንኳ አያሳርፍባትም፤ «የዋስትና ግዴታዋን እስክታሟላ ድረስ በማረሚያ ቤት ሆና ጉዳይዋን እንድትከታተል ታዟል።» እኔ በሄድሁ ጊዜ ልጅቱ ጉዳይዋን በማረሚያ ቤት ሆና መከታተል ከጀመረች ሁለት ወር ከዐሥራ ሦስት ቀን ሆኗት ነበር።

የሴት እስረኞችን ቁጥር ስለ መቀነስ ሲነሳ ወሬው ቶሎ ብሎ ወደ ማረሚያ ቤቱ ግቢ ይገባል። ስለ ልብስ ስፌት ሥልጠና፣ ስለ ሕፃናት ማቆያ፣ ስለ አዲስ ሕንፃ ይወራል። እነዚህን አልጠላቸውም። ከዚያ ቀን ወዲህ የማምነው ግን ቁጥሩ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም ገና በር ላይ መሆኑን ነው። ሕጋችን ሰውን ከእስር የሚያስወጡ በሮችን አልነፈገንም፤ ዋስትና አለ፣ ቅጣት ሳይፈጸም የሚቆይበት ገደብ አለ፣ ከቅጣቱ አብዛኛውን የፈጸመ የሚፈታበት አመክሮ አለ፣ ይቅርታ አለ። የእያንዳንዱ በር ቁልፍ ግን ደመወዝ ወይም ቤት ንብረት ባለው፣ ከውጭ በቆመ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ነው። ይህን ሰው ማግኘት ለወንዱም አይቀልም፤ ከዘመድ ርቃ፣ ከሰው ቤት አድራ፣ በስሟ አንዲት ወረቀት ለሌላት ሴት ግን በሩ ከተዘጋ በር አይለይም።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የዓለም የሴት እስረኞች ዝርዝር ዐምስተኛ እትም በዓለም ከ740 ሺህ በላይ ሴቶችና ልጃገረዶች በእስር ላይ እንደሚገኙ፣ ቁጥሩም እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ወደ 60 በመቶ ገደማ እንዳደገ ያሳያል። በዚያው ዘመን የወንድ እስረኞች ቁጥር ያደገው ወደ 22 በመቶ ገደማ ነው። በሃያ ዓመት ውስጥ የሴት ክፋት ከወንድ ክፋት በሦስት እጥፍ ፈጠነ የሚል ሰው ካለ ያስረዳኝ፤ እኔ አላምንም።

ወደ ልጅቱ ልመለስ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 6 የተያዙ ሰዎች በዋስ የመፈታት መብት እንዳላቸው ይደነግግና፣ ፍርድ ቤት ዋስትና የሚነፍገውም ሆነ በቂ ማረጋገጫ እንዲቀርብ የሚያዘው ሕግ ባስቀመጣቸው ልዩ ሁኔታዎች መሆኑን ይጨምራል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው፣ ዕድሜው ከብዙዎቻችን የሚበልጠው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 63 ተከሳሹ የዋስትና ወረቀት ፈርሞ እንዲለቀቅ ሲፈቅድ፣ ወረቀቱ ዋሶች ኖሩትም አልኖሩትም በቀጠሮ ቀን ለማስቀረብ በቂ መሆኑን ዳኛው ይመዝን ይላል። በአንቀጽ 69 የዋስትናው መጠን ሲወሰን ከሚታዩት ነገሮች አንዱ የተከሳሹና የዋሶቹ አቅም ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት የራሷን ፊርማ ብቻ አስይዛ እንድትወጣ ለመፍቀድ አዲስ አዋጅ አያስፈልግም፤ ከስድሳ ዓመት በላይ እጃችን ላይ ያለውን ማንበብ ይበቃል። የልጅቱን መዝገብ ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። ደመወዟ ስንት እንደሆነ የሚናገር አንድ ቃል የለበትም። ዳኛው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፊታቸው የቆመችው ልጅ በወር 2 ሺህ ብር እንደምታገኝና ያዘዙት ዋስትና የአምስት ወር ድካሟ መሆኑን የጠየቃትም የነገራቸውም ሰው አልነበረም።

ገንዘቡ ራሱ እጇ ላይ አልነበረም። ከገጠር የሚመጡ ብዙ ልጆች እንደሚያደርጉት፣ ለበዓል አገር ቤት ስትገባ እንድትወስደው ደመወዟ አሠሪዋ ዘንድ ይጠራቀምላት ነበር። የስንት ወር እንደሆነ ስጠይቃት በመለያያው ሽቦ ማዶ ሆና በጣቶቿ ቆጠረችልኝ፤ ስምንት። ስምንት ወር በ2 ሺህ ብር 16 ሺህ ብር ይመጣል። እንግዲህ የታሰረችው ዋስትናዋን ከፍላ 6 ሺህ ብር የሚተርፋት ልጅ ናት፤ ገንዘቡ ያለው ግን ከሳሿ መሳቢያ ውስጥ ነው። ይህን ነገር ስሰማ ያዘዝሁት ቡና ቀዘቀዘ ብል ማጋነን ይሆናል፤ እዚያ ቡና አይቀርብም። ዝም አልሁ እንጂ።

ገንዘቡን እንዳትጠይቅ ውል የላትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሰው ቤት የሚሰጥ የግል አገልግሎትን ከወሰኑ ውጭ አድርጎ፣ ጉዳዩን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ እንዲገዛ ትቶታል። እኔ ለሠላሳ ወንበር ግዥ ዐሥራ አራት ገጽ ውል አዘጋጃለሁ፤ እያንዳንዷ ወንበር ስንት እንደምታወጣ፣ ብትሰበር ማን እንደሚተካት፣ ክርክር ቢነሳ የትኛው ፍርድ ቤት እንደሚያየው ተጽፏል። ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ለምትኖረው ሰው አንድ መስመር አልተጻፈላትም።

የቤት ሠራተኛ ስትያዝ የምታጣው በአንድ ቀን ነው፤ ማደሪያዋን፣ እንጀራዋን፣ ዋስ የሚሆናትን ሰው። መርማሪው «መኖሪያሽ የት ነው?» ሲላት የምትናገረው የከሳሿን ቤት ቁጥር ነው። ወደዚያ መመለስ ስለማትችል «ቋሚ አድራሻ የላትም፣ ብትለቀቅ ትጠፋለች» ይባልባታል። የሰው ዋስ አቅርቢ ስትባል የታደሰ የቀበሌ መታወቂያ ያለው፣ ደመወዝተኛ ወይም ንግድ ፈቃድ ያወጣ ሰው ነው የሚፈለገው። በከተማው እንዲህ ያለ ሰው የምታውቀው አንድ ነው፤ እሱም የከሰሳት ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት ስታደርስ የምታገኛቸው ሌሎች ሠራተኞች ወዳጆቿ ናቸው፤ ነገር ግን የእነሱም መታወቂያ እንደ እሷው የጎጃም ወይም የወሎ ገጠር ቀበሌ ነው፣ ለዚያውም ካላቸው።

ዋስ እሆናታለሁ ብዬ የተነሳሁት ነገሩ የአንድ ቀን ሥራ መስሎኝ ነው። ቤቴ የኪራይ ስለሆነ ካርታ የለኝም፤ መኪና ስለሌለኝ ሊብሬ የለኝም፤ ያለኝ ደመወዝ ነው። ደመወዝ ዋስ እንዲሆን መሥሪያ ቤቱ የደመወዜን ልክ ገልጾ፣ ዋስትናው እስኪነሳ ድረስ ሥራ ብለቅ ለፍርድ ቤቱ እንደሚያሳውቅ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ መጻፍ አለበት። የሰው ሀብት ክፍላችን ኃላፊ፣ ደግ ሰው ናቸው፣ መነጽራቸውን አውልቀው «ምንሽ ናት?» አሉኝ። ጎረቤቴ ናት አልሁ። «ዘመድሽ ብትሆን ይሻል ነበር» አሉ፤ ደንቡን ሳይሆን የሰዉን አስተያየት ፈርተውልኝ ነው። ደብዳቤው ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶ፣ ወጪ ቁጥር ተሰጥቶት እጄ እስኪገባ አራት ቀን ወሰደ። ፍርድ ቤት ስደርስ ስሜ በአንድ ፊደል ከመታወቂያዬ ይለያል ተብሎ ተመለስሁ። በስድስተኛው ቀን ተቀበሉኝ። ደመወዝ ያለኝ፣ ሕግ የተማርሁ፣ ፈቃድ ብጠይቅ የሚሰጠኝ ሴት ነኝ። እኔን ስድስት ቀን የፈጀብኝ ጉዳይ ከሽቦ ማዶ ያለችውን ስንት ወር እንደሚፈጅባት አስቡት።

በእነዚያ ቀናት ሁለት ጊዜ ስንቅ አቀብያለሁ። ስለ ሰልፉ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም ስለ ሴት እስር ካነበብሁት ሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከፊቴ ሽሮ በሳህን ደፍታ በነጠላ የቋጠረች ሴት ነበረች፤ ጠባቂዋ ክዳኑን አስከፍታ «ቅመሺው» ስትላት ለምዳዋለችና ሳትጠየቅ ጉርሻ አድርጋ አሳየቻት። ወደ ወንዶቹ በኩል ያለው ሰልፍ አጥሩን ተከትሎ ይጠመዘዛል፤ የተሰለፉት በአብዛኛው ሚስቶችና እናቶች ናቸው። በእኛ በኩል የነበርነው በጣት የምንቆጠር ነን፤ እኛም ሴቶች ነን። ባል ሲታሰር ሚስት ፌስታል ይዛ ትመጣለች። ሚስት ስትታሰር ባል የመጀመሪያው ሳምንት ይመጣና ከዚያ እህቱን ይልካል፤ ከዚያ እህቱም ትቀራለች። ይህን የነገሩኝ ለልጃቸው ስድስት ዓመት ያመላለሱ አንዲት እናት ናቸው፤ ሲነግሩኝ ቅሬታም አልነበረባቸው፣ የአየር ጠባይ እንደሚያወሩ ነበሩ። ስንቅ የማያመጣ ዘመድ ደግሞ ዋስም አይሆንም። ሁለቱ አንድ ሰው ናቸው።

ልጅ ያላት ሴት ስትታሰር ነገሩ የሌላ ሰው ቅጣት ይሆናል። ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ወደ ማረሚያ ቤት ይገባል ወይም ውጭ ይቀርና ቤቱ ይፈርሳል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ያጸደቃቸው፣ ባንኮክ ደንቦች የሚባሉት ሰባ ደንቦች ከዚህ የተነሱ ናቸው። ደንብ 64 ነፍሰ ጡር ለሆነችና ጥገኛ ልጆች ላሏት ሴት፣ የሚቻልና ተገቢ ሲሆን፣ ከእስር ይልቅ ሌላ ቅጣት ይመረጥ ይላል፤ እስራት የሚታሰበው ወንጀሉ ከባድ ወይም ኃይል የተቀላቀለበት ሲሆን፣ ወይም ሴቲቱ ለሌላው ሥጋት ስትሆን ነው፤ ያኔም የልጁ ጥቅም ታይቶ። የሚገርመው፣ ሐሳቡን አንሥታ ያስጸደቀችው ታይላንድ ራሷ በአደንዛዥ ዕፅ ሕጓ ጥብቅነት ምክንያት በዓለም ብዙ ሴቶችን ከሚያስሩ አገሮች አንዷ መሆኗ ነው። ደንቡ በዋና ከተማዋ ስም እየተጠራ እስር ቤቶቿ ሞልተው ኖሩ፤ የዕፅ ሕጉን እንደገና የጻፈችው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ጥሩ ደንብ መጻፍና በር መክፈት የተለያዩ ሥራዎች ለመሆናቸው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

እንግሊዝም ይህንኑ መንገድ ሄዳለች። ስታይል በሚባለው የሴቶች ማረሚያ ቤት እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2003 ባለው የዐሥራ ሁለት ወር ጊዜ ስድስት ሴቶች ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ፣ ባሮነስ ጂን ኮርስተን ጉዳዩን እንዲያጠኑ ተጠየቁ። እ.ኤ.አ. በ2007 ያቀረቡት ዘገባ 43 ምክረ ሐሳቦች ነበሩት። ዋናው ቁም ነገር፣ አብዛኞቹ ሴቶች በቀላል ወንጀል ለአጭር ጊዜ የሚገቡ ስለሆኑ፣ ለእነሱ የሚያስፈልገው በየሰፈሩ ቀን ቀን የሚሄዱበት፣ ስለ ዕዳ፣ ስለ ሱስ፣ ስለ ድብደባና ስለ መኖሪያ ቤት የሚረዳ የሴቶች ማዕከል ነው፤ ትልልቆቹ እስር ቤቶች ደግሞ በዐሥር ዓመት ውስጥ በትናንሽ ማቆያዎች ይተኩ የሚል ነበር። ማዕከላቱ ተከፈቱ፤ ትናንሾቹ ማቆያዎች ግን አልተሠሩም። ከመቶ ዓመት በላይ የሴቶች ብቻ ሆኖ የኖረው የለንደኑ ሆሎዌይ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲዘጋም ሴቶቹ ወደ ቤታቸው አልተላኩም፤ ከከተማው ወደ ራቁ ሌሎች እስር ቤቶች ተዛወሩ፤ ልጆቻቸው ሊጠይቋቸው የሚመጡበት መንገድ ረዘመ።

ስኮትላንድ በአንድ ነገር ቀድማለች። ከ300 በላይ ሴቶችን የሚይዝ አዲስ እስር ቤት በኢንቨርክላይድ ለመሥራት ታቅዶ ሳለ፣ የፍትሕ ሚኒስትሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ዕቅዱን ሰረዙት። በምትኩ ስተርሊንግ ላይ ለ100 ሴቶች የሚሆን እስር ቤት፣ ዳንዲና ግላስጎ ላይ ደግሞ ከመኖሪያ ሰፈር ብዙም የማይለዩ ሁለት ትናንሽ ማቆያዎች ተሠሩ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ዳኛው ሌላ ተገቢ አማራጭ የለም ብሎ ካላመነ በቀር የ12 ወር ወይም ከዚያ ያነሰ እስራት እንዳይፈርድ ሕግ ያዝዘዋል። የስኮትላንድ እስር ቤቶች ባዶ አልሆኑም። ያም ሆኖ አዲስ ሕንፃ ከመሠራቱ በፊት «ማን ይገባበታል?» ብሎ የጠየቀ ሹም በማየቴ ደስ ይለኛል፤ ሕንፃ ከተሠራ ሰው አይጠፋለትማ።

በእኛ አገር ከፍርድ በኋላ ያሉት በሮችም ያው ቁልፍ ይጠይቃሉ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቀላል እስራት ከዐሥር ቀን ይጀምራል። ወንጀሉ ከስድስት ወር በማይበልጥ ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ ዳኛው በምትኩ የግዴታ ሥራ ሊወስን ይችላል፤ ቅጣትን በገደብ ማቆየትም ይችላል። ሆኖም ገደብ ሲፈቀድ ዋስ ሊጠየቅ ይችላል። ከቅጣቷ ሁለት ሦስተኛውን የፈጸመች ሴት አመክሮ ስትጠይቅ፣ በአቅሟ መጠን የተበዳዩን ጉዳት መካሷ ይታያል፤ ለመካስ ከውጭ የሚሮጥላት ሰው ያስፈልጋል። የልጆች አሳዳጊ መሆኗ ቅጣት ማቅለያ እንዲሆንላት ደግሞ ይህን ለዳኛው የሚያነሳ ጠበቃ ያስፈልጋታል። ተከላካይ ጠበቆች አሉ፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ለዓመታት በነጻ የሕግ ድጋፍ ሲሰጥ ኖሯል። ነገር ግን በዋስትናው ቀን፣ ነገሩ ሁሉ በሚወሰንባት በዚያች ዐሥር ደቂቃ፣ ልጅቱ ብቻዋን ነበረች። መዝገቡ ላይ «ተከሳሽ የምትለው የላትም» ተብሎ ተጽፏል። የምትለው ነበራት፤ 16 ሺህ ብር አለኝ ትል ነበር።

ሲፈለግ እንዴት በአንድ ጊዜ መቀነስ እንደሚቻል ግን አይተናል። ሕጉ ራሱ አንድ ጊዜ ቀንሷል። በዚሁ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 ጽንስ ማቋረጥ የማያስቀጣባቸው ሁኔታዎች ሲዘረዘሩ፣ በቀጣዩ አንቀጽ ጽንሱ በመደፈር ወይም በዘመድ መካከል በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ለመሆኑ የሴቲቱ ቃል ብቻ በቂ እንዲሆን ተደርጓል። ቁልፉ በራሷ እጅ የተቀመጠበት አንቀጽ ይህ ነው፤ ሌላ ሰው አይፈርምላትም። ሁለተኛው በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ የሆነው ነው። ፕሬዚዳንት ሣህለወርቅ ዘውዴ ከ4 ሺህ በላይ ለሚሆኑ እስረኞች ይቅርታ አደረጉ፤ በቀላል ወንጀል የተፈረደባቸው፣ ሊፈቱ ጥቂት ጊዜ የቀራቸው፣ ሕፃን የያዙ እናቶችም ከታሰቡት መካከል ነበሩ። ያኔ ዋስ አቅርቡ ያላቸው የለም። እነዚህ ሰዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ አደገኛነታቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ ፍርሃት ነው። ከሰው ይልቅ በሽታ ፈራን።

«ነፍስ ያጠፋችውስ?» የሚለኝ አይጠፋም፤ ባለቤቴም ብሎኛል። ነፍስ ያጠፋችውን በራስ ዋስትና ልቀቁ አልልም። ነገር ግን እዚያም ቢሆን ሁሉም አንድ አይደለም። ሕጉ በወሊድ ጭንቀት ውስጥ ሆና ገና የወለደችውን ልጅ ሕይወት ያጠፋችን እናት በቀላል እስራት ይቀጣል፤ በከባድ ትንኮሳ ወይም ስሜት ተገፋፍቶ የገደለም እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ይታያል። የሚያስቸግረው ትንኮሳው የዚያን ዕለት የተፈጸመ አንድ ድርጊት ተደርጎ መታሰቡ ነው። ዐሥር ዓመት ስትደበደብ ኖራ ባሏን በተኛበት ሌሊት የገደለችው ሴት ለትንኮሳው የምታቀርበው ቀን የላትም፤ ዐሥር ዓመት ነው ያላት። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ሕግ ራስን መግዛት ማጣት የግድ በድንገት የመጣ መሆን የለበትም ብለው ይህን ጠባብ መንገድ አስፍተውታል። የእኛ ሕግ ቃላት ሰፋ ያሉ ስለሆኑ ዳኛ ቢፈልግ ያስገባታል፤ ምስክር የሚሆኗት ጎረቤቶች «የባልና ሚስት ነገር ነው» ብለው ዝም ካላሉ።

እኔ ብጠየቅ የምጀምረው ከትንሽ ነገር ነው። ተከሳሽ በቀረበች ቀን ዳኛው ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፤ በወር ስንት ታገኛለሽ፣ ገንዘብሽ ማን ዘንድ ነው፣ ልጅ ካለሽ አሁን ማን ጋር ነው። መልሱ መዝገብ ላይ ይስፈር። በየማረሚያ ቤቱ ዋስትና ተፈቅዶላቸው ማሟላት ያቃታቸው ሴቶች ስም በየወሩ ተዘርዝሮ ወደ ችሎቱ ይመለስ፤ «በማረሚያ ቤት ሆና ትከታተል» ያለው ዳኛ በሠላሳኛው ቀን እንደገና ያያት። አሠሪ ከሳሽ ሆኖ ሲመጣ ደግሞ ያልከፈለው ደመወዝ ካለ ቃሉን ሲሰጥ ያስመዝግብ፤ ብሩ ለፍርድ ቤት ገቢ ቢሆን ያው ዋስትናዋ ነው። ይህ ሁሉ የአንድ ሕንፃ መሠረት ከመጣል ያነሰ ወጪ ነው።

ልጅቱ በሰባተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ወጣች። ፌስታሏ ውስጥ አንድ ሹራብና እዚያ የለመደችው የኪሮሽ ሥራ ነበረ። ጉዳይዋ ሦስት ጊዜ ተቀጠረ፤ ሦስቱንም ቀን ከሰው ቀድማ ችሎት በር ላይ ተገኘች። የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች በተደጋጋሚ ተጠርተው ስላልቀረቡ መዝገቡ ተዘጋ። ሐብሉ ይገኝ አይገኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለ ደመወዟ የሰፈር ሽማግሌ ገብቶ 9 ሺህ ብር ተሰጣት፤ እኔ ያነሰ ነው አልሁ፣ እሷ «ይሁን እትዬ» አለች። አሁን አንድ ዳቦ ቤት ትሠራለች።

ባለፈው ወር ደወለችልኝ። አብራት ታስራ የነበረች አንዲት እናት አሁንም አልወጣችም፤ ከጎረቤት ተጣልታ በዘነዘና መታሻል ተብላ የተከሰሰች፣ የሁለት ዓመት ልጅ ከጎኗ ያለች፣ 8 ሺህ ብር ዋስትና ተፈቅዶላት የምትከፍለው ያጣች። «ደመወዝዎ ለእሷም ይሆን እንደሆነ ብዬ ነው» አለችኝ። ወደ ሰው ሀብት ክፍል ሄድሁ። ኃላፊው ፋይሌን ገለጥ ገለጥ አድርገው «በአንቺ ደመወዝ ላይ ዋስትና ተመዝግቧል» አሉኝ። መዝገቡ እኮ ተዘግቷል ብላቸው «የሚያነሳ ደብዳቤ ከፍርድ ቤት አልደረሰንም» አሉ። ደብዳቤውን የሚያመጣው ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ዝም ብለው አዩኝ። ሰኞ ጠዋት የግማሽ ቀን ፈቃድ ሞልቻለሁ፤ ቅጹ ላይ «ምክንያት» በሚለው ቦታ «የግል ጉዳይ» ብዬ ጻፍሁ።